በመጀመሪያው ሸክላችን ላይ የጠፋው ድምፅ

ዴይተን፣ ኦሃዮ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2023

ውድ እህቴ ግሬታ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ስበሳጭ ሰነበትኩ። ስልኬን ስለማታነሺ በወረቀት መጣሁ።

አንድ የቺካጎ ትንሽ አሳታሚ የመጀመሪያ ሸክላችንን እንደገና ማውጣት ይፈልጋል፤ በ1991 ባንዱን እንደመሠረትን ምድር ቤት፣ ከእናታችን ልብስ ማጠቢያ ጎን የቀረፅነውን፣ ሽፋኑን በእጃችን ማኅተም እየመታን አምስት መቶ ቅጂ ያወጣነውን። ዋናውን ካሴት ላክሁላቸው። ባለፈው ሳምንት የድምፅ ባለሙያቸው ደወለ።

«ከከበሮው ሥር የምትዘፍነው ሴት ማን ናት?»

«እህቴ ናት።»

«ለምን ቀበራችኋት? ከሁላችሁም መዝፈን የምትችለው እሷ ናት።»

ዘጋሁበት። ኋላ መልሼ ደወልኩ።

መቅረጫችን ድምፅ ለየብቻ የሚይዝበት አራት መስመር ብቻ እንደነበረው ታውቂያለሽ። የዳግን ከበሮ፣ ቤዝ ጊታሩንና ድምፅሽን አራተኛው ላይ ደባልቄ፣ ሌላ እንድቀርፅባቸው ሦስቱን ደመሰስኩ፤ አንዴ ከተደመሰሰ መመለሻ የለውም። ሸክላው ታትሞ ሲመጣ ቆመሽ ሰማሽና፣ በምታሾፊብኝ ስም፣ «ፕሮፌሰር፣ እኔ የት ሄድኩ?» አልሽኝ። ዳግ ሳቀ። እኔ «ቦታ አልበቃም» አልኩሽ። ለሁለተኛው ሸክላ አልመጣሽም፤ እኔ ዘፈንኩት።

ባለሙያው መስመሮቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አሰማኝ። አንደኛው ላይ ጊታሬ አለ። ሁለተኛው ላይ እኔ እዘፍናለሁ። «ሦስተኛው ላይ ምን ነበር?» አለኝ። ምንም የለበትም፤ ያኔም ባዶ ነበር፤ ካሴቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሹ ይላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ያደርግለታል? ሥራውን አይሠራም?

አሁን ኮምፒውተር ድምፅሽን ከከበሮው ለይቶ ያወጣዋል። ሞክረው ላኩልኝ፤ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁት። ያለአንቺ ፊርማ እንዳያትሙ ነግሬያቸዋለሁ፤ ወረቀቱን አያይዣለሁ። ከፈረምሽ ሽፋኑ ላይ ስምሽ ከስሜ ይቀድማል። እምቢ ካልሽ ካሴቱን እልክልሻለሁ፤ ብታቃጥይውም ያንቺ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ያኔ በዳግ ፊት «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከቃናው ትወጫለሽ» ብዬሽ ነበር። ትናንት ከፒያኖው ጋር ሦስት ጊዜ አመሳከርኩት።

አልወጣሽም።

በቤትሽ ጤና ይግባ፤ ጉሮሮሽን ብርድ አይንካው።

ወንድምሽ
ዋረን