ባለቤት ያጡ ጀሪካኖች

ሰኔ 14 ቀን 1990፣ ፍኖተ ሰላም

ዝናብ። ቅዳሴ ቀረሁ... ዛሬም። ታናሼ እልፍነሽ ያን የሚያህል ሆድ ይዛ ሄዳ መጣች፤ እኔ ጤነኛዋ ብርድ ልብስ ውስጥ።

ለምጽፍለት መጽሔት «የክረምት አለባበስ» የሚል አምድ ይጠበቅብኛል። እዚህ የክረምት አለባበስ ጋቢና የላስቲክ ቦቲ ነው። አለቀ። ምኑን ላርዝመው?

እትዬ ታንጉት፣ ጎረቤታችን አረቄ አውጪዋ፣ ወሬ ይዘው መጡ። «አሰብ ወደብ በጦርነቱ ተዘግቷል አሉ። ሀገሪቱ ያላት ነዳጅ መስከረምን አያይም አሉ።» ማን አለ? «እኔ ምን አውቄ፣ ሰው ነዋ!» ሳቅሁ። ወሬ እንጀራዬ ነው፤ አፌም ወንፊት መሆኑን ጠላቴም ወዳጄም ያውቃል። የዛሬው ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

የእልፍነሽ የመጀመሪያ ልጅ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ነው የወጣው። አልቆየላትም። ሐኪሙ ያን ጊዜ አስጠንቅቋታል፤ ሁለተኛውን ቤት እወልዳለሁ ካለች ጠባሳው ሊቀደድ ይችላል። ማርቆስ ደግሞ በእግር አይኬድም።

ሐምሌ 5

ማደያው ፊት ያለው ሰልፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ደርሷል። ሰው ያልያዘው ዕቃ የለም... ጀሪካን፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ አንዷ የጠላ ጋን ተሸክማ። ሬዲዮኑ «የነዳጅ ክምችት አለ፣ አትስጉ» ይላል። አትስጉ ሲሉኝ ነው የምሰጋው።

ለእልፍነሽ «አውቶቡስ ሳይቆም ማርቆስ እንሂድና እዚያው እንጠብቅ» አልኳት።

«ማን ቤት? ደግሞ ወንዳወቅ ቢመጣና ቢያጣኝስ?»

ወንዳወቅ ባሏ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር። ጭኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ወር አለፈው። ድምፁ የለም።

«አንች ልጅ፣ እሱን ነው የምትጠብቂ ወይስ ነፍስሽን?» አልኳት። አለቀሰች። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ሐምሌ 9

አውቶቡስ ቆመ። ማደያው በገመድ ታጥሯል።

አንድ ተስፋ አለን፤ ጋሽ አዛናውና አሮጌ ላንድሮቨራቸው። ዛሬ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ቤንዚን አመጡልን። አፉ በቀይ ጨርቅ ታስሯል።

«ምጥ ሲመጣ ጥሩኝ። ይቺ ግን እናንተ ቤት ትደር።»

«እርስዎ ቤት ምን ትሆናለች ጋሼ?»

«እኔ ቤት ካደረች እሸጣታለሁ። ገዥው በር ላይ ቆሞ እያለቀሰ... ራሴን አላምነውም።»

ከጤፉ ጆንያ ኋላ ደበቅናት። እልፍነሽ በቀን ስንቴ እየሄደች ትዳስሳታለች። እኔም፣ እሷ ሳታየኝ።

ሐምሌ 14

የለችም።

ሁላችንም ቀብር ሄደን ነበር፣ ሰፈሩ በሙሉ። ስንመለስ ጆንያው ወደ ጎን ተገፍቷል። እልፍነሽ አልጮኸችም። ባዶውን መሬት እያየች ቁጭ አለች። «ጎረቤት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሌላ ሰው ምን አውቆ?»

ማን ነገረ? እኔ ነኝ? ለታንጉት ብቻ ነው... ለታንጉት መንገር ለገበያ መንገር መሆኑን አጣሁት?

ከማን ጋር ነው ሰላም እየተባባልሁ የምውለው?

ሐምሌ 16

ቤንዚን ፍለጋ ቤት ለቤት ዞርሁ። በብር፣ በልመና፣ በእግዜር። «የለንም እቴ፣ ማርያምን!» ሁሉም ማርያምን ይላል። አንዱ ቤት ሲምልልኝ ከጓዳው የቤንዚን ሽታ ይመጣል። እሱም እንደሸተተኝ አውቋል። ተያየን። ቻው ብዬ ወጣሁ።

ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሁሉም ለራሱ ክፉ ቀን ነው የደበቀው። የሚያስፈራኝም እሱ ነው... ክፉ ሰው ቢሆኑ እጣላቸው ነበር።

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ዳኛ ለቄስ እጅጉ ነገሩን አቀረቡ። ሌባው ይገዘት ተባለ። ቄሱ መስቀላቸውን አነሱ። ከዚያ ያልጠበቅነውን ገዘቱ።

«የወሰደውን ብቻ አይደለም የምገዝት። ቤቱ ቤንዚን እያለው፣ ለዚች ምጥ ለሚጠብቃት ሴት የለኝም ያለ... በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ገዝቼዋለሁ።»

ዶፍ ይወርዳል፤ ከግቢው የተነቃነቀ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ «አባ፣ ኧረ ይሄ ሰፈሩን አይፈጅም?»

«የለኝም ያላለ ምን ያስፈራዋል?»

ስንመለስ ሁሉም በየቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ታንጉት እንኳን።

ሐምሌ 20

ጎሕ ሲቀድ በሩን ከፈትሁ።

በአጥሩ ጥግ ተደርድረዋል። ጀሪካን፣ ቆርቆሮ፣ የዘይት ዕቃ፣ ጠርሙስ። ሰው የለም። ዝናቡ ክዳናቸው ላይ ይንጣጣል። ቆሜ አለቀስሁ። ከፊተኛው ጀሪካን መያዣ ላይ የተጠመጠመውን የሻሽ ቁራጭ አውቀዋለሁ፤ የቄሱ ጥምጣም ነው። ራሳቸውን ነበር የገዘቱት ለካ።

አንድ የሚሪንዳ ጠርሙስ አለች፣ በበቆሎ ቆሮቆንዳ የተወተፈች። ነጭ ጋዝ ናት። ለላንድሮቨር የማትሆን። የእማማ ደስታነሽ የኩራዝ ጋዝ ናት፤ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት። ቄሱ ቤንዚን እንጂ ነጭ ጋዝ አላሉ... ፈርተው ነው። ይዤላቸው ሄድሁ።

«የኔ አይደለም።»

«እማማ፣ ቆሮቆንዳውን አውቀዋለሁ።»

«እኔ ጋዝ ከየት አባቴ አግኝቼ! ሂጅ ልጄ፣ ስም አታጥፊ።» ቤታቸው ጨለማ ነው።

ጋሽ አዛናው እያንዳንዱን ዕቃ እያሸተቱ፣ ጣታቸውን እየነከሩ ለዩ። «ይሄ ናፍጣ። ይሄ ቤንዚን። ይሄ...» ቀመሱና ዓይናቸው በራ። «ይሄ አረቄ ነው! ታንጉት!»

ታንጉት ከአጥሩ ማዶ፣ «ለሹፌሩ ነው!»

ስንት ጊዜያችን ነው ከሳቅን። ቢጫዋ ጀሪካን ግን ከመካከላቸው የለችም። አንድ ሰው ግዝቱን ተሸክሞ አድሯል።

«ይበቃል ጋሼ?»

«ለመሄጃም ለመመለሻም ይበቃል፣ ይተርፋልም። ሌላውን እሱ ያውቃል።»

ሐምሌ 27፣ ማርቆስ

ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ምጡ ትናንት ጠዋት መጣ። ከጊዜው ቀድሞ። ከደምበጫ አልፈን ዳገቱ ላይ መኪናዋ ሳለች፣ ሳለችና ቆመች። ጋሽ አዛናው ኮፈኑን ከፈቱ፤ የቤንዚኑን ቱቦ ፈትተው በአፋቸው መጥጠው ተፉ።

«ውሃ! ግዝት ፈርቶ ውሃ የቀላቀለ!»

እልፍነሽ እጄን ነክሳ ያዘች። «ጠባሳዬ... እህቴ፣ ጠባሳዬን አመመኝ።» ምን ልበላት? አይዞሽ አልኳት። አይዞሽ ስላት ድምፄ እንደ ሬዲዮኑ ሆነብኝ።

ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ለመንሁ። ምን ብዬ እንደለመንሁ አላስታውስም። ጋሽ አዛናው ቱቦውን እፍ ብለው አጽድተው ከሌላ ጀሪካን ቀዱ። ተነሳች።

ሆስፒታል ገብታ በሩ እንደተዘጋ መብራት ሄደ። ዘበኛውን ያዝሁት። «ጄኔሬተሩ ናፍጣ አለው?»

«ለዛሬ አለው።»

ለዛሬ! ሀገሩ ሁሉ ለዛሬ ነው ያለው። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ወንድ ልጅ። ትንሽዬ። ያለቅሳል። እሷም አለች... አለች።

ሐምሌ 28

ሁለቱም ደህና። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ነሐሴ 16፣ ፍኖተ ሰላም

ቤታችን ነን። ፍልሰታ ተፈታ። ለልጁ ስም አልወጣለትም፤ እልፍነሽ «አባቱ ያወጣለታል» ብላ ድርቅ አለች። ከአባቱ ዛሬም ድምፅ የለም። ሬዲዮ የጦርነቱን ዜና ሲጀምር ፊቷን አላይም።

ጀሪካኖቹ አሁንም አጥራችን ጥግ ናቸው። የተረፈው ቤንዚንና ናፍጣ እንዳለ ነው፤ የሚወስደው ጠፋ። የኔ ነው ማለት ደብቄ ነበር ማለት ነዋ! ታንጉት ብቻ መጥተው ጠርሙሳቸውን ጠየቁ፤ እሱንም ጋሽ አዛናው ማርቆስ ላይ ጨርሰውታል። ነጭ ጋዟን ግን ማታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እማማ ደስታነሽ ደጃፍ አስቀምጬ ሮጥሁ። ከዚያ ወዲህ ኩራዛቸው ይበራል።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ከሽንዲ በኩል አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ጋሽ አዛናው ላንድሮቨራቸውን በራችን ላይ አቆሙ። ባልየው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ጀሪካኖቹን ያያል።

«የማን ነው? ማንን ልለምን?»

እልፍነሽ ልጇን ጡት እንዳጎረሰች ከውስጥ፣ «የማንም አይደለም። ውሰዱ።»

ቤንዚኑን በሙሉ ቀድተው ሄዱ። ባዶዎቹ ብቻ ቀሩ። ያ የድሮው ፍርሃት ተመለሰ... ነገ ሌላዋ ብትመጣስ? ክረምቱ መች አለቀ?

ሊመሽ ሲል በመስኮት እያየሁ ነበር። ሰው በአጥሩ ጥግ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ፤ ጋቢውን ተከናንቦ ሄደ። ወጣሁ። ቢጫ ጀሪካን። ቀይ ጨርቅ። አነሳኋት፤ ከበደችኝ። እንደሞላች ናት።

ታንጉት ከማዶ፣ «ማን ነው አንች? ማን መጣ?»

«አላየሁም እትዬ።»

አይቻለሁ። እዚህም አልጽፈውም።