ለሙሾ አይጨበጨብም

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ነገ የመጽሐፌ ምረቃ ነው። ዛሬ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ዋልኩ።

ጠዋት ጥሩወርቅ ከጋፋት መጣች። ልጇን የቀበረች ቀን ያወረደችውን ሙሾ በመጽሐፌ አስገብቼዋለሁ፤ እሷው ፈቅዳልኝ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ቃል በቃል የጻፍኩት ነው። ነገ በአዳራሹ ላነበው ያሰብኩትም እሱን ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

«ሙሾዬን በሰው ፊት ታነቢያለሽ አሉ፤ እውነት ነው?» አለች ገና ከደጅ።

«አነባለሁ።»

«ሰዉስ ምን ያደርጋል?»

«ያጨበጭባል እንጂ ምን ያደርጋል?»

«ለልጄ ሞት?»

ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«ጻፊው አልኩሽ እንጂ አስጨብጭቢበት አላልኩሽም። ነገ እመጣለሁ፤ ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ካነበብሽው ተነስቼ ደረቴን እደቃለሁ። ያን ጊዜ የሚያጨበጭብ ወንድ ካለ አየዋለሁ!»

ምሳ እንኳ ሳትቀምስ ባጃጅ አስቁማ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ለምረቃው አዘጋጅ ደውዬ ጭብጨባ ይቅር አልኩት። «እማማ ደግሞ! ያለ ጭብጨባ ምን ምረቃ አለ?» ብሎ ሳቀ። ነገ በሙሾው ምትክ ይሆን እንደሆነ ብዬ፣ ስለ ወንዛዬ ፍል ውሃ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለውም፤ ነፍስ ግን አጣሁበት።

ነጠላዬ ታጥቦ ተሰቅሏል። ነገ ለምረቃ እንደሚለበሰው ልልበሰው ወይስ ለለቅሶ እንደሚደረገው ላዘቅዝቀው? ወደ አዳራሹ ስገባ ጥሩወርቅ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።