በአባባ ልክ የተሞላው ጆንያ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ አባባም ሰላም ብሎሃል።

ሊፍቱ አሁንም እንደተበላሸ ነው። አባባን ድንገት ቢያመው ግን እኔ ከበራችን ክሊኒኩ ድረስ ሮጬ በአምስት ደቂቃ እደርሳለሁ። አሰልጣኜ «ፍጥነት ካማረሽ ክብደት ማንሳቱን ተዪ» ይለኛል። እሱ ምን አለበት፣ የሚሮጠው ባዶ እጁን ነው! እኔ የዳገት ሩጫዬንም አልተውኩ፣ አምና በአባባ ኪሎ ልክ አሸዋ የሞላሁትን ጆንያም አዝዬ አራት ፎቅ እወርዳለሁ።

ትናንት አባባን ራሱን አዝዬ ወረድኩ። «አንቺ ልጅ፣ ወጠምሻ ሆነሻል!» ብሎ ሳቀ። እውነትም ምንም አልከበደኝም፤ ጉልበቴ ጨመረ ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ ጆንያውን ሳዝል ግን እግሬ እንደ ወትሮው ተንቀጠቀጠ።

የዓመት ፈቃድህን አሁኑኑ ውሰድ። ለአባባ «ናፍቃችሁኝ ነው» በለው።

በቶሎ ያገናኘን፣
እህትህ