አሥራ አራት ቁጥር መፍቻ

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ከተለየኸን ወዲህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለን የለም።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች ማኅበራችን ቅዳሜ ተሰብስቦ የመሣሪያ ቁጥጥር ኃላፊ አድርጎ መረጠኝ። ሊቀመንበሩ «የእሱ ሳጥን አንድ ቀን ጎድሎ አያውቅም» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ለአዲሶቹ ምክር ስጥ ብለውኝ፣ መፍቻው ሁሉ ተቆጥሮ ቦታው ሳይመለስ ማንም እንዳይፈርም አልኳቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠግኜ፣ ትብረር ብዬ ፈርሜ የለቀቅኳት አውሮፕላን በየቀኑ ወደ እናንተ ከተማ ትመላለሳለች። ስትነሣም ስታርፍም በመስኮት አያታለሁ።

እናታችን አንተ ጋ ለመምጣት በዚያችው አውሮፕላን ትኬት ቆርጣ ነበር፤ እኔ አስመለስኩት። ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የምትመጣው በአውቶቡስ ነው። «ልጄ አውሮፕላን እየጠገነ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ልንገላታ!» ብላ አኩርፋኛለች። አገር እያየሽ ትሄጃለሽ አልኳት።

ሌላው፣ ባለፈው ሰኞ ከእኛ ስትሄድ አሥራ አራት ቁጥር መፍቻዬን ይዘህ ሄደህ ይሆን? ሳጥኔ ውስጥ ቦታዋ ባዶ ነው። ወስደሃት ከሆነ አልቀየምህም። ወስጃታለሁ ብቻ በለኝ።

ልጆቹን ሁሉ ሳምልኝ። እናታችንን ስትመልሳትም በአውቶቡስ ይሁን።

ታናሽህ