«አይዞሽ» ያለበት ቁራጭ

የአባቴን ደብዳቤዎች በመቀስ ቆራርጠሽ አበባ ሠርተሽባቸዋል።

ለወደፊት አማትሽ ቤት ስጦታ ከሠራሻቸው ስድስት ማስታወሻ ደብተሮች አምስቱን ዛሬ ጠዋት በጋራ ክፍላችን ጠረጴዛሽ ላይ አየኋቸው። ሽፋናቸው ላይ የለጠፍሽው ቅጠል ሁሉ የእሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከሞተ ወዲህ ሌላ የእሱ ነገር እንደሌለኝ ታውቂያለሽ።

አዎ፣ «ከመሳቢያው የፈለግሽውን ወረቀት ውሰጂ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። የላይኛውን መሳቢያ ማለቴ ነበር።
የላይኛውን ግን አላልኩም።

የአምስቱን ቅጠሎች በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አላቀቅኳቸው። ቀለሙ ትንሽ ፈሷል። የቀሩት ደብተሮችሽ ቆሻሻ ባልዲው ውስጥ ናቸው።

«አይዞሽ ልጄ» ያለበት ቁራጭ ከአምስቱ አንዱም ላይ የለም። ስድስተኛውን ትናንት ለአማትሽ ሰጥተሻታል። ይሄኔ «ባለሙያ ምራት አገኘሁ» እያለች ለጎረቤት ታሳያለች። ሄጄ ደብተሩን እቀበላታለሁ፤ ሙያሽ ከማን አባት ደብዳቤ እንደተቆረጠም እነግራታለሁ። አትደውዪልኝ፣ አላነሳም።

ቁልፍሽን ረስተሽ ወጥተሻል፤ እንደተለመደው ውስጥ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ይህን ወረቀት በሩ ላይ በውጭ በኩል የለጠፍኩት ለዚህ ነው፣ በራስሽ ሙጫ። እስክመለስ ደረጃው ላይ ተቀመጪ።

እኔ ቆልፌ ወጥቻለሁ።