በደባርቅ ብርድ ቀዝቃዛ አየር ስለሚጠብቀው መኪና

ደባርቅ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.። ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ወርዶ ከተማው ሁሉ ጋቢ ደርቧል። ይህ ሲጻፍ በጤና ጣቢያው ክፍል ውስጥ ያለነው እኔ፣ በወባ የወደቀችው ልጄ ስንቄ፣ በር ላይም ቆሞ እኛን ላለማየት መሬት መሬት የሚያየው ሾፌርዎ ያርጋል ነን።

ለተከበሩ ጓድ ማዕረግ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የመኪናዎስ ጤና? የደብዳቤ ወግ የለቀምሁት ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነውና የማንን ጤና አስቀድሜ መጠየቅ እንደሚገባኝ ብሳሳት ይታረምልኝ።

በቅድሚያ ላመስግን። ስንቄን መሠረተ ትምህርት እንድታስተምር ወደ ዛሪማ ቆላ የላኳት እርስዎ ነዎት፤ ስትታመምም ከስብሰባ ሲመለሱ በኋላው ወንበር አሳፍረው ያመጧት እርስዎ ነዎት። እኔም ላስታምማት ወርጄ ነበርና አብሬ ተሳፈርሁ። ይህን የመሰለ ቸርነት ከጥቂት አቤቱታ ጋር ባነሣው አይቀየሙኝ።

አንደኛ፤ ስለ መስኮቱ። ሙቀቱ ድንጋይ በሚያግልበት በዚያ ቀን፣ ኤርኮንዲሽን የሚባለው መሣሪያ ቅዝቃዜው እንዳያመልጠው ብለው መስኮቶቹን ሁሉ አስዘጉ። መሣሪያው ግን እንደ ደከመ በሬ እያቃሰተ የምድጃ ትንፋሽ ይተነፍስብን ነበር። ልጄ በትኩሳቷ ላይ መስኮት እንዲከፈትላት ስትለምን፣ ከጎንዎ የተቀመጡት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ክንዴ ደግሞ በላብ ላይ ነፋስ ምች ያመጣል ብለው ቃልዎን አጸኑልዎ። አዲሱ መሣሪያና የአባቶቻችን ምች ሲታረቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የታረቁትም በልጄ ላይ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ውኃው። ሊማሊሞን ስንወጣ ያርጋል፣ መሣሪያው ሞተሩን እያደከመው ነውና ይጥፋ ሲል በትሕትና ለመነዎ። እርስዎም መንግሥት ያስገጠመውን መሣሪያ ማጥፋት የማን ሥልጣን እንደሆነ ጠየቁት። ሞተሩ ለሥልጣን ሳይጨነቅ ጠመዝማዛው ላይ ፈልቶ ቆመ። ለስንቄ በቅል የያዝሁት ውኃ ለሞተሩ እንዲሰጥ አዘዙ፤ ሰጠሁ። መኪናው ጠጥቶ ተነሣ። ስንቄ ከንፈሯን እየላሰች ደባርቅ ገባች።

ሦስተኛውን በወጉ ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኛል። ጤና ረዳቱ ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል፣ ቶሎ ጎንደር ሆስፒታል ካልደረሰች ተስፋ የላትም ብሏል። አውቶቡሱ መቀመጥ የማይችል ሰው አይጭንም። መኪናዎ ከቢሮዎ ደጅ ቆሟል፤ ሞተሩ ደኅና ነው፣ ያርጋልም ቁልፉ ቢሰጠው ይነዳል። እርስዎ ግን ኤርኮንዲሽኑ ሳይጠገን መኪናው ለጉዞ ብቁ አይደለም ብለዋል፤ ጠጋኙም የሚመጣው ከጎንደር ነው። እንግዲህ ከጎንደር ሰው እስኪመጣ ወደ ጎንደር ሰው አይሄድም ማለት ነው። ከዚህ እስከ ዳባት፣ ከዳባትም ወዲያ መንገዱ ደጋ ነው፤ ብርዱን እግዚአብሔር ያለ መሣሪያ ይነፋዋል። መስኮቱን እንክፈተው፤ ምች ቢመጣም በእኔ ላይ ይሁን። ጓድ ማዕረግ፣ ያለችኝ ልጅ እርሷ ብቻ ናት። ቁልፉን ይስጡን።

ለሥልጣንዎ መጽናት፣ ለመሣሪያዎም መቀዝቀዝ ሳላቋርጥ የምጸልይ፣ ከደጅዎ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣
የስንቄ እናት የሺወርቅ ገብረ ኪዳን

ተጨማሪ፤ ግንቦት ፲፭ ጠዋት። ቁልፉ አልመጣም። ጎህ ሲቀድ ጎረቤታችን ጀምበሩና ወንድሞቹ በእግር ጎንደር ልናደርሳት ቃሬዛ ይዘው መጡ። ስንቄን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስተኛኋት፤ ከንፈሯን በውኃ አራስሁላት። ይህን የምጽፈው ወረቀቱን በመኪናዎ አፍንጫ ላይ አስደግፌ ነው። ጤዛ ለብሶ ባየው አሳዘነኝና ጋቢዬን አውልቄ በሞተሩ ክዳን ላይ ደረብሁለት፤ እንዳይበርደው። ደብዳቤውን ከበርዎ ላይ ልለጥፍ ነው። ያርጋል የቃሬዛውን አንድ ጫፍ አንሥቷል፤ ሌላውን እኔ እይዛለሁ።