ለሙከራ የተቆረጠ ፀጉር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐሴት፤

እንደምን አለሽልኝ፣ የኔ አራስ? ጡትሽ ወተት ያዘልሽ? ያ ጮሌ ልጅሽስ እንቅልፍ ይሰጥሻል?

ይህን ደብዳቤ የላክሁት ለባለቤትሽ ለናትናኤል ነው። ክርስትናው ካለፈ፣ ሰዎችም በማለዳ መጥተው የአባትሽን መርዶ ካረዱሽ በኋላ ይሰጥሻል። ስለዚህ እዚህ ላይ ሳልዋሽ መጻፍ እችላለሁ።

አባትሽ ያረፈው በወለድሽ ማግስት ነው። ጠዋት ገና ከአልጋው ሳይነሣ "ደረቴን" አለኝ፤ ሆስፒታል እንኳ አልደረስንም። አያት መሆኑን ግን ሰምቶ ነው የሄደው፤ እሱን እወቂልኝ። ለአራስ መርዶ አይነገርም አሉ ሽማግሌዎቹ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ። "የሰው እናት ገንፎ ልታገነፋ አገር ታቋርጣለች፣ የኔዋ ሰበብ ትደረድራለች" ስትዪኝ ሌላ ሰበብ ጨመርሁልሽ። ጥቁር ለብሼ፣ በእኛ በጎጃሞች ወግ ፀጉሬን ተላጭቼ፣ እንዴት ብዬ ድሬዳዋ ድረስ መጥቼ በርሽን ላንኳኳ?

ከዚያ እህትሽ አቢጋኤል ጉድ አደረገችኝ። የሳይንስ መምህሯ "የፕላስቲክ ማበጠሪያ በተለያየ ነገር እያሻችሁ የትኛው ወረቀት እንደሚያስነሣ ሞክሩ" ብለዋቸዋል። በራሷ ፀጉር ስታሸው ቁርጥራጩ ወረቀት ዘሎ ማበጠሪያው ላይ ልጥፍ! በሱፍ ሹራብም እንዲሁ። ከሐዘኑ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። "እማ፣ ባንቺም ልሞክረው" ብላ ሻሼን ስትገፈው ሳላስብ ተውኋት። የተላጨው ራሴ ላይ ብታሽ ብታሽ አንድም ወረቀት አልነሣ አለ። ይህንኑ በስልክ አንሥታ ላከችልሽ። ማበጠሪያውን እንጂ ጭንቅላቴን መች አየች!

ወዲያው ደወልሽ።

"እማ፣ ፀጉርሽን ምን ነካው?"

"ለአቢጋኤል ሙከራ ቆረጥሁት።"

እንዴት እንደሳቅሽ! "ለሳይንስ ብለሽ? አባዬ ሲያይሽ ምን አለ? እስቲ ዛሬ እንኳ አቅርቢልኝ።"

"ጨንቻ ወጥቷል" አልሁሽ።

ጨንቻስ እውነቴን ነው፤ የቀበርነው እዚያው ከወገኖቹ ዘንድ ነው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አውቃለሁ። ያን ሳቅሽን እስከ ክርስትናው ድረስ ላቆይልሽ ብዬ ነው። ብትቆጪኝም ተቆጪኝ፤ እናቴ ረሳችኝ ብቻ አትበይ።

አቢጋኤል በመጨረሻ ማበጠሪያውን አባትሽ ለልጅሽ በሸመነው ጋቢ አሸችው። ጥጥ ነውና ምንም አላስነሣም። "የአባዬም እምቢ አለኝ" ብላ እዬዬ አለች። "ጥጥ እንዲያ ነው፣ መምህርሽን ጠይቂ" አልኋት። ሌላ ምን ልበላት?

ያን ጋቢ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። አንደኛው ጫፉ አልተቋጨም። "ሐሴት ወንድ ወለደች" ስለው እሱን እየቋጨ ነበር፤ ጥሎት ተነሥቶ ጨፈረ። ነገ እጨርሰዋለሁ ብሎ አልተመለሰበትም። ለሌላ ሸማኔ ሰጥቼ ላስጨርሰው ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንዳለ አልብሺው።

ልጅሽን ያሳድግልሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ፀጉሬ እስኪያድግ አልጠብቅም፤ ተረድታለች ያሉኝ ቀን እነሣለሁ። ገንፎው ያኔም ቢሆን ይገነፋል።

እናትሽ ወለቴ